በአባዬ ኪስ ውስጥ የነበሩት ሁለት ከረሜላዎች

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ያደረግኩትን ነገር ለምን እንዳደረግኩት አይገባችሁም። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን አልፌ፣ ክረምቱ አልቆ ዘጠነኛ እስክገባ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ ራሴን ተቆጣጣሪ አድርጌ ሾሜ ነበር። እማዬ ያወጣችውን ሕግ ከእማዬ በላይ የማስከብረው እኔ ነበርኩ።

አባዬ ኮርቻ ሰፊ ነው። የምንኖረው አሰላ ነው፤ ሱቁ ከቤታችን ጋር አጥር የምትጋራ፣ ቆዳ ቆዳ የምትሸት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ከዙሪያው ገጠር፣ ከዴራም ከአርቦዬም፣ ፈረስ የሚወድ ሰው አይጠፋባትም። አባዬ ከደንበኞቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ሲናደድ ሁለቱንም ይደባልቃል።

እናላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አባዬ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ሰው ሁሉ ውሃ ይጠጣል እንዳትሉኝ! እሱ ከእንስራው አጠገብ አልለይ አለ። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ቀበቶው ላይ በገዛ ወስፌው አዲስ ቀዳዳ እየበሳ፣ "ይኸው ሥራ አላጣሁም፤ ደንበኛ ሲጠፋ የራሴን ወገብ እሰፋለሁ" ይለን ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝቶ ሲወጣ ስኳር በሽታ ነው ተባለ፤ በየቀኑ ጠዋት መርፌ ይወጋ ተባለ።

ከሆስፒታል በተመለሰበት ቀን እማዬ ጓዳ ገብታ የስኳሩን ጣሳ አወጣችና በራፉ ላይ ቆማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነገር የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም!" አለች። ጣሳውን ከነስኳሩ ለጎረቤታችን ለአዴ መኪያ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከቀበሌው ሱቅ በየወሩ በራሽን የሚደርሰን ስኳር በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ይሄዳል። አዴ መኪያ፣ "እናንተ ስትፈሩት እኔን ይግደለኝ ማለታችሁ ነው?" እያሉ እየሳቁ ይቀበላሉ።

መርፌው ግን የዋዛ ነገር አልነበረም። መርፌ ወደ ቤቱ ወስዶ ራሱን የሚወጋ ሰው በሰፈራችን አይታወቅም። መድኃኒቱ ከሰፈራችን በታች ባለችው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። አባዬ በየማለዳው ይወርድና፣ ከሚያስለው ሕፃንና እግሩን መጥረቢያ ከመታው ገበሬ ኋላ ተሰልፎ ይወጋል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ አለው፤ ለሁሉም ሰው ያንኑ ነው የሚጠይቀው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የታመሙት?"

"ትናንት ነግሬህ የለ!"

"የዛሬውን ነው የምጠይቅዎ፤ ካርዱ ላይ ይሞላል።"

"እንግዲያው ከትናንት ወዲህ በለው።"

በማግስቱም ያው ነው። አብሬው የሄድኩ ቀን ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን እነክስ ነበር። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ነበር። አንድ ቀን የምር አዝኖ፣ "አቶ ዘውዴ፣ እርስዎ ግን መቼ ነው የሚድኑት? አብረዎት የጀመሩት ሁሉ ድነው ሄዱ እኮ!" አለው።

ሐምሌ ሲጋመስ አባዬ ሥጋው ተመለሰ። ውሃ ጥሙም ቆመ። ቀበቶው ወደ ድሮው ቀዳዳ ሲመለስ ሦስታችንም ቆመን አየነው፤ እማዬ እልል አለች። ለካ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ተስሎ ኖሯል፤ ከዚህ አልጋ በእግሬ ከወረድኩ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብሎ።

"መርፌውንስ?" አለችው እማዬ።

"መርፌ ምግብ ነው እንዴ? መርፌ ጾም አይገድፍም። ጠዋት እወጋለሁ፣ ከዚያ እጾማለሁ። ሁለቱንም አላጓደልኩም።"

ለሁላችንም ትክክል መሰለን። ልብ በሉ፤ ከረሜላ ከቆሻሻ መጣያ ውስጥ የማሸት እኔ እንኳ ምንም አልታየኝም።

የጾሙ ዋዜማ ማምሻውን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ልጠርግለት አነሣሁት። ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። እጄን ሰደድኩ። ሁለት ከረሜላ! በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ከመቆየት ብዛት ወረቀቱ ላይ የተጣበቁ። አባዬ ተደብቆ ከረሜላ ይበላል! ለእማዬ ልነግራት አስቤ ተውኩት፤ ትልቅ ሰው ማሳፈር ነውር ነው ብዬ። ከአጥሩ ጀርባ ባለው ቦይ ጎርፉ ውስጥ ወረወርኳቸው። ቀዩ ወረቀት ውሃው ላይ ሲዞር እያየሁ፣ የአባዬን ሕይወት ማዳኔ ነው ብዬ ኮራሁ።

ነሐሴ አንድ ሆነ። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም እስከ ረፋድ አልተነሣም። አባዬ ሁለት ሰዓት ላይ ተወግቶ መጣ፤ ኮቱን እንደለበሰ ወደ ሱቁ ገባ። እማዬ ቅዳሴ ሄደች። የአርቦዬው ኦቦ ቱፋ ለልጃቸው ያዘዙትን ኮርቻ ሊወስዱ ፈረሳቸውን ይዘው ስለሚመጡ አባዬ ሊጨርሰው ይጣደፋል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክሩን በሰም እቀባለሁ።

ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ኦቦ ቱፋ ፈረሳቸውን ደጅ አስረው ገቡ። አባዬ ቀና ብሎ አያቸውና ሰላም ሳይላቸው አቀረቀረ። መጀመሪያ ያደናገረኝ ይሄ ነው። የስንት ዘመን ወዳጁ ናቸው፤ ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ሳይሳሳሙ ቀርተው አያውቁም።

"ዘውዴ፣ ኮርቻዬ ደረሰ?"

"የምን ኮርቻ?"

ጭኑ ላይ ነው እኮ ያለው! ኦቦ ቱፋ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። አባዬ አልሳቀም። ስፌቱን አየሁት። እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋው አባዬ፣ ጠፍሩን ገልብጦ በአንድ ወገን አጣሞ ሰፍቶታል። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። በነሐሴ! በአሰላ! ኦቦ ቱፋ በሁለት ጋቢ በሚንቀጠቀጡበት ቀን!

"አባዬ፣ ሞቀህ?"

በኦሮምኛ መለሰልኝ። ዞር ብሎ ደግሞ ኦቦ ቱፋን በአማርኛ ተቆጣቸው፤ በሬውን ከማሳው ውስጥ አውጡ ይላቸዋል። በሬ የለን፣ ማሳ የለን! ቋንቋችንን እንኳ አቀያየረብን። ኦቦ ቱፋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ልጄ፣ አባትሽ ቀምሷል እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ጾም ነው! ውሃ እንኳ በአፉ አልዞረም!"

"እንዲህ የሚሆነው የጠጣ ሰው ነው።"

አባዬ ተነሣና ተንገዳገደ። የኮቱን ኪስ መዳሰስ ጀመረ። የቀኙን፣ የግራውን፣ እንደገና የቀኙን። "እዚህ ነበረ... የት ሄደ... እዚህ ነበረ..." ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠው። ምን እንደሚፈልግ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላዘንኩም። ተናደድኩ። ጾሙንም በሽታውንም ረስቶ ከረሜላ! በልቤ "አታገኘውም" አልኩት።

አዴ መኪያ ድምፁን ሰምተው በአጥሩ ሽንቁር መጡ። "ማል ታኤ? ምን ሆነብን?" አሉና ፊቱን አይተው፣ "ይሄ ሰው ጠኔ ነው የያዘው። ቆይ!" ብለው ተመለሱ። ወዲያው ትኩስ ሻይ ይዘው ደረሱ። አባዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሻዩ ጣቶቹ ላይ ይፈሳል፤ እሱ ግን አላቃጠለውም።

"አዴ፣ ስኳር አለው እንዴ?" አልኳቸው።

"እኔ ቤት ስኳር የሌለው ሻይ ተፈልቶ ያውቃል?"

"ሊገድሉት ነው?!"

ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቅኩት። ከከንፈሩ ላይ ማለት ይቻላል። ሻዩን ደጁ ላይ ደፋሁት። አባዬ የፈሰሰውን ሻይ አየና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ልክ የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ኦቦ ቱፋ ተቀብለው ያዙት። ጸበል ይወሰድ፣ እማዬ ትጠራ፣ ውሃ ይረጭበት፤ መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ የየራሱን ይላል። አዴ መኪያ፣ "ጤና ጣቢያ!" አሉና ወደ ቤታቸው ሮጡ። ኦቦ ቱፋ ፈረሱ ላይ የነበረውን አሮጌ ጨርቅ ገፈው፣ በእጃቸው ያገኙትን ኮርቻ ጫኑ። ያንኑ አዲሱን፣ የተጣመመውን። አባዬን ሰቀሉት። ኦቦ ቱፋ ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እኔ እግሩን ይዤ ከጎን፤ ኮርቻው በተጣመመበት ወገን ወደ እኔ ያጋድላል። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው። አባዬ ከላይ ሆኖ ማናችንም የማናውቀውን ሰው ስም እየጠራ ያንጎራጉራል። እኔም እየሮጥኩ፣ ይሄን ሁሉ ያመጣው የበላው ከረሜላ ነው፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰርቆ በልቶ ይሆን እላለሁ።

ጤና ጣቢያው ደረስን። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቱ አየኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?"

ስንት ጊዜ የሳቅኩበት ጥያቄ ነው! አሁን ግን አላሳቀኝም። ከዛሬ? ከግንቦት? ጠዋት ደህና ነበር። ደህና ከነበረ ለምን ተወጋ? ድኗል ብለን ነበር። ከዳነ ይሄ ምንድን ነው?

"የትኛውን ልንገርህ?" አልኩት።

"አንዱን ንገሪኝ፤ መስመሩ አንድ ነው።" ካርዱን አገላበጠ። "ደግሞ አቶ ዘውዴ ለዛሬ ታክመዋል። ጠዋት ነው የመጡት። አሁን ከሆነ እንደ አዲስ ይሰለፉ።"

ኦቦ ቱፋ ይሄን ሲሰሙ ልጓሙን ጎተት አድርገው ፈረሱን ከነአባዬ በረንዳው ላይ አወጡት! ኮቴው ሲሚንቶው ላይ ሲያስተጋባ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሩ ተበርግዶ አንዲት ነጭ ገዋን የለበሰች ሲስተር እየጮኸች ወጣች።

"ማን ነው ፈረስ ያስገባው? አውጡ! አውጡልኝ!"

"የተጫነውን እይው፣ ከዚያ አውጡ ትይናለሽ" አሏት ኦቦ ቱፋ።

አየችው። አግዳሚው ላይ አስተኙት። እጇን ግንባሩ ላይ አሳርፋ፣ የረጠበውን መዳፏን ተመለከተች።

"በሽታው ምንድን ነው?"

"ስኳር ነው፣ ሲስተር። ግን ዛሬ አልቀመሰም፤ እኔ ነኝ የምጠብቀው።"

"ዛሬ ምን በላ?"

"ፍልሰታ ነው።"

"ምን በላ ነው የምልሽ!"

"ምንም።"

"መርፌውን ወስዷል?"

"እዚሁ እናንተ ጋ፣ ሁለት ሰዓት ላይ።"

"እኛው ነን የወጋነው" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ፣ "ጉሉኮስ አምጡ!" ብላ ጮኸች። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር በሩጫ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። የመድኃኒት ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ጓድ ስብሰባ ላይ ነው።

"እንግዲያው ስኳር! ስኳር ያለው ሰው የለም? የሻይ ስኳር!"

ይህቺ ሴት አብዳለች አልኩ። እጆቼን ዘርግቼ አባዬ ፊት ቆምኩ።

"አይሆንም! በሽታው እኮ ስኳር ነው!"

"የኔ እህት፣ አሁን ደሙ ውስጥ ያለቀው እሱ ነው። መርፌው ስኳሩን ያወርዳል፤ ከሥሩ ምግብ ከሌለ አውርዶ አውርዶ ሰውየውን ይጥለዋል። ዞር በይልኝ።"

ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። ለሁለት ወር ያህል ከቤታችን ያባረርነው ነገር እንዴት ነው አሁን ተለምኖ የሚፈለገው? አልዞርኩም። ከኋላዬ አንድ እጅ ትከሻዬን ይዞ ገለል አደረገኝ። አዴ መኪያ ነበሩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ፈቱት። ውስጡ ስኳር ነበር።

"ምናልባት ብዬ ነው የቋጠርኩት። የእናንተው ነው" አሉኝ፤ "እናትሽ የሰጠችኝ ነው።"

ሲስተሯ አባዬን በጎኑ አድርጋ፣ ስኳሩን በጣቷ ድዱ ላይ እያሸች ትጠብቃለች። መዋጥ ሲጀምር በጥብጣ በማንኪያ፣ አንድ ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ። በረንዳው ላይ የሚሰማው የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔ የምጸልየው ምን ብዬ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ስኳሩ እንዲገባ ነው ወይስ እንዳይገባ?

አባዬ ዓይኑን ከፈተ። ጣራውን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ፈረሱ ላይ ያለውን ኮርቻ አየ። አፈጠጠበት።

"ይሄን ኮርቻ ማነው እንዲህ ያበላሸው?"

"አንተው ነሃ!" አሉት ኦቦ ቱፋ።

"እኔ? እኔ እጄ ሳይቆረጥ?"

ያን ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ።

በኋላ ዳቦ በልቶ ሲረጋጋ ሲስተሯ ጠየቀችው። "ከሆስፒታል ሲወጡ ከረሜላ ያዙ፣ ላብ ላብ ካለዎት ቶሎ ይብሉ አላሉዎትም?"

"ሰጥተውኝ ነበር፤ ሁለት። ኪሴ ቀዳዳ ኖሮት ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ብፈልጋቸው አጣኋቸው።"

"ለቤተሰብዎስ ነግረዋል?"

"ባለቤቴ የስኳር ስም ስትሰማ ጣሳ ታነሣለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ሲገባኝ አላልኩም።

ሲስተሯ ካርዱን አገላብጣ አየች። "እዚህ ቤት ሁሉ ነገር የተሠራው ታሞ መጥቶ፣ ድኖ ለሚሄድ ሰው ነው" አለችኝ። "አባትሽ ግን አይሄድም። ከበሽታው ጋር ነው የሚኖረው። እኛም መርፌውን ሰጥተን ወደ ቀጣዩ ሰው እንዞራለን፤ ምን በላህ ብለን አንጠይቅም።" ከዚያ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። "መጻፍ ትችያለሽ?"

ቻልኩ! አጻጻፌን የወደድኩት ያን ቀን ነው። እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጻፍኩት፤ በአንድ ወገን በአማርኛ፣ በሌላው ወገን በኦሮምኛ፣ ሁለቱንም በግዕዝ ፊደል። "የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ቃዥቼ፣ አልቦኝ ብታገኙኝ ሰክሬ አይደለም። መዋጥ ከቻልኩ ጣፋጭ ነገር ስጡኝ፤ ቶሎም ጤና ጣቢያ አድርሱኝ።" አዴ መኪያ የኦሮምኛውን ሰምተው፣ "ይሄንስ እኔም ያለ ትምህርት ቤት አውቀው ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ይሄው አንድ ዓመት አለፈ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ አሁንም ስብሰባ ይሄዳል፣ መርፌው የሚጠፋበት ሳምንትም አለ። ግን ሲስተሯ በሳምንት አንድ ጠዋት በሽታቸው ለማይለቃቸው ሰዎች ብቻ ለይታለች፤ ለስኳሩም፣ ለደም ግፊቱም፣ ለሚጥለውም። እኔም ትምህርት በሌለኝ ቀን እየሄድኩ እንደ አባዬ ያለ ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጥያቄውን ቀይሯል። "እንዴት ሰነበቱ? ዛሬ ምን በሉ?" ይላል። አባዬም፣ "እንደ ሚስቴ ሆንክብኝ" ይለዋል። የነፍስ አባታችን ፍልሰታን በምጽዋት እንዲለውጥ ፈቅደውለታል፤ አልቅሶ ነው ፈቃዱን የተቀበለው። እማዬ ስኳር መልሳ አስገብታለች፤ ጣሳው መደርደሪያው ላይ ሲታይ እስከ ዛሬ ትንሽ ያስደነግጠኛል። ያው አንድ ነገር መርዝም መድኃኒትም የሚሆነው እንዴት ነው? ሲስተሯ ሁለት ጊዜ አስረድታኛለች። ሲያስረዱኝ ይገባኛል፤ ብቻዬን ስሆን ይጠፋብኛል።

አባዬ ደግሞ ከኮርቻ ቆዳ ትራፊ ትንንሽ ኮሮጆ ይሰፋል፤ ወረቀቴና ሁለት ከረሜላ የሚይዙ፣ በአንገት የሚንጠለጠሉ። የሚመጣው የስኳር በሽተኛ ሁሉ አንዳንድ ወስዷል። አፋቸውን በጠፍር አጥብቆ ያስራቸዋል። ለምን ሲሉት፣ "ኪስ አይታመንም፤ የእኔ ቀዳዳ ኖሮት ሊገድለኝ ነበር" ይላቸዋል። ሰዎቹ ብልሃቱን ያደንቁለታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክር በሰም እቀባለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ኪሱ ቀዳዳ አልነበረውም። ይሄን እናንተ አወቃችሁ፤ እሱ ግን አያውቅም። ይሄን ጽሑፍ ስጀምር ለእናንተ የምጽፍ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ መስማት ያለበት ማን እንደሆነ ገብቶኛል። ነገ ጠዋት አነብለታለሁ። ተወግቶ ከመጣ፣ ቁርሱንም ከበላ በኋላ ነው። በባዶ ሆዱ አይደለም።